ቀዩ መርፌና የእማማ ስንዱ ስእለት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

በአንድ እግር ጫማ ገቡ። ግራው ባዶውን ነው፣ አቧራ ለብሷል፣ አውራ ጣቱ ደምቷል። እሳቸው የሚያወሩልኝ ግን ከጓሮ ስለቀጠፉት ጎመን ነው። «እማማ፣ ሌላኛው ጫማዎስ?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፤ የጎረቤት እግር ያዩ ይመስላሉ። ከዚያ ሳቁ። «እንዴ! የት ጥየው መጣሁ?»

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ጫማው ሲወልቅ አልተሰማቸውም። ድንጋይ ሲመታቸውም አልተሰማቸውም። ቁስሉን ሳጥብላቸው እንኳ ፊታቸው ቅጭም አላለም።

ይህን ደብተር ዛሬ አወጣሁት። የይርጋ ነው፣ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምር የያዘው። ፊተኛው ግማሽ በእሱ እጅ የተጻፈ ፊደል ነው፤ ኋለኛው ባዶ። አራት ዓመት ሙሉ ባዶውን ለመንካት ሳስቼ ነበር። አሁን ግን ለማን ልንገር? የክሊኒኩ ጤና ረዳት ስለሆንኩ ወገዳ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ሕመሙን ለኔ ይነግረኛል። የኔን የሚጠይቀኝ የለም።

ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ይርጋ ባሌ ነው፤ እማማ ስንዱ እናቱ ናቸው። ከሰርጋችን ሰባት ወር በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ሁለት ዓመት ተኩል ነበር የተባለው። ከሄደ አራት ዓመት ሞላው፤ ደብዳቤው ከቆመ ደግሞ አንድ ዓመት ከሁለት ወር። ሬዲዮኑ ድል ይላል፣ ገበያው ሌላ ያንሾካሹካል። እኔ ሁለቱንም መስማት ትቻለሁ።

በሸኘነው ዕለት እማማ ለማርያም ተሳሉ። «ልጄን በእግሩ እስክታመጭልኝ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል በአፌ አይዞርም» አሉ። አልዞረም። አሁን በኀምሳው፣ ካህናቱ ሳይቀሩ ረቡዕና ዓርብን በሚበሉበት ወቅት፣ እሳቸው ሽሯቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ። እኔ ደግሞ ወተት ካየሁ የማልመለስ ሰው ነኝ። እፊታቸው መብላት ስለሚከብደኝ እንቁላሌን ክሊኒክ ወስጄ መርፌ መቀቀያው ላይ ቀቅዬ፣ በሩን ዘግቼ እበላለሁ። (ከመርፌው ጋር አይደለም። ከመርፌው በኋላ።)

ዛሬ ያየሁባቸው፦
ምላሳቸው የተላጠ ይመስላል፣ ቀይና ልሙጥ ነው፤ በርበሬ ያንገበግባቸዋል።
እግራቸው ላይ «ጉንዳን ይሄድብኛል» ይላሉ።
ዓይናቸውን ጨፍነው መቆም አልቻሉም፤ በክንዴ ያዝኳቸው።
ቁጭ ብለው እንኳ ልባቸው ይመታል።

«ልብማ ከናፍቆት ነው» አሉኝ። ሊሆን ይችላል። የኔም ይመታል፤ እኔ ግን ጫማዬ ሲወልቅ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ነጋዴው ጋሽ ሰይድ ከንፋስ መውጫ ደረሰ! በቅሎውን ሳያራግፍ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ጠራኝ። ትንሿን ካርቶን ከጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል አስተኝቷት ነው የመጣው። «ከአርብ ገበያ ወዲህ ያለውን መንገድ ታውቂው የለ? ለሷ ስል ስንቱን ቁልቁለት በእግሬ ወረድኩ» አለኝ። አንድም አልተሰበረም። አሥር አምፑል ቢ12፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት።

ከፋሲካ በፊት ስለ እማማ ሕመም ለአንድ ዶክተር ጽፌለት ነበር፤ ንፋስ መውጫ ለጉብኝት ሲመጣ አንዴ አግኝቼዋለሁ። መልሱም ካርቶኑ ውስጥ አለ። ሁለት ገጽ ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዳልረሳው በራሴ ቃል ልጻፈው።

ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ጎመንም ሽሮም ባቄላም የለውም። ሰው ሲያቋርጠው ወዲያው አይታመምም፤ ጉበቱ የዓመታት ስንቅ ይዞ ይቆያል። ስንቁ ሲያልቅ ነው ደሙም ነርቩም የሚጎዳው። እማማ አራት ዓመት። ስንቃቸው አልቋል ማለት ነው።

ሌላው ስለ ልብ ነው። ቢ12ና ሌላው ቪታሚን፣ ፎሊክ አሲድ፣ ሲጎድሉ ሆሞሲስቴይን የሚባል ነገር ደም ውስጥ ይጠራቀማል ይላል። ይህ ነገር የደም ሥርን እየጎዳ ለልብ ሕመም ያጋልጣል ብለው የሚጠረጥሩ ሐኪሞች አሉ፤ ገና ክርክር ነው፣ አልተረጋገጠም። «እኛ የምንለካበት መሣሪያ የለንም፤ አንቺ ምላሳቸውንና እግራቸውን እዪ» ብሎኛል። ሆሞሲስቴይን። ቃሉን ደጋግሜ አልኩት። ለናፍቆት ስም የወጣለት መሰለኝ።

ሦስተኛውን መጻፍ አልፈልግም፣ ግን እጽፈዋለሁ። እኔ እማማን «ደም አንሷቸዋል» ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ብረትና ፎሊክ አሲድ ስሰጣቸው ቆይቻለሁ። ፊታቸው ወዛ ሲል ጎበዝ ነኝ አልኩ፤ ለይርጋም በልቤ ነገርኩት፣ «እናትህን አዳንኳት» ብዬ። ዶክተሩ ደግሞ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲሰጥ ደሙን ሊያስተካክል እንደሚችል፣ ነርቩ ግን ከሥር መጎዳቱን እንደሚቀጥል ጽፏል። «ቶሎ ጀምሪ፤ የቆየ ጉዳት ላይመለስ ይችላል።»

ነገ እጀምራለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 26

አፌን በመርፌ ክር መስፋት ነበረብኝ።

ሁሉም ነገር ተስማምቶ ነበር። መርፌ ምግብ አይደለም አልኳቸው፤ «መርፌማ ምን ከፋኝ» አሉ። ኪኒን ይንቃሉ፣ መርፌ ያከብራሉ፣ እንደ አገሩ ሰው። ነጠላቸውን አደላድለው አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። አምፑሉን ሰበርኩ፣ ሳብኩት። መድኃኒቱ ቀይ ነው። እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ቁልጭ ያለ ቀይ።

እማማ አዩት። «ይኼ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነዋ።»

«ደም ይመስላል።»

«ደም አይደለም፤ መልኩ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። እኔ ግን ትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ አለኝና አዋቂነቴን ላሳያቸው ፈለግሁ። «ዛሬ በፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ድሮ ግን ከከብት ጉበት ነበር የሚያወጡት» አልኳቸው። እየሳቅሁ።

ነጠላቸውን መለሱ። «ጉበት» አሉ ቀስ ብለው። «አራት ዓመት በአፌ ያልገባ በክንዴ ይግባ?»

ድሮ ነው አልኩ፣ አሁን አይደለም አልኩ፣ ተህዋሲያን ናቸው የሚሠሩት አልኩ። ተህዋሲያን ስል ባሰ። ግድግዳውን ይዘው፣ መሬቱን በዓይናቸው እየፈለጉ ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው ያሉኝ አልወጣልኝም። «ልጄ፣ አንች አዋቂ ነሽ። እኔ ግን ከሱ ሌላ የለኝም።»

የሳብኩትን መድኃኒት ደፋሁት። አሥር ነበር፣ ዘጠኝ ቀረ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27

ጠዋት አንድ ዘዴ መጣልኝ። ክፉ ዘዴ ነው።

የመርፌው ቱቦ መስታወት ስለሆነ ነው ቀዩ የሚታየው። ፋሻ ብጠቀልልበት አይታይም። «እማማ፣ ሌላ መድኃኒት አገኘሁ፣ ከጉበት አይደለም» ብላቸው ያምኑኛል። ሽሯቸው ላይ አንድ ማንኪያ ወተት ጠብ ባደርግም አያውቁም፤ ምላሳቸው የተላጠ ነው፣ ጣዕም የሚለየው መች ሆነና።

ፋሻውን ቆረጥኩ። ጠቀለልኩት። በደንብ ሸፈነው። ሰው የሠራሁ ያህል ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ እጄ ቆመ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ይህን ደብተር የሌላ ሰው ዓይን አያየውም። የቆመው ለሐቅ ብዬ አይደለም። ሕመምተኛን መዋሸት ነውር ነው ብዬም አይደለም፤ መርፌው አያምም እያልኩ በየቀኑ እዋሻለሁ። ይርጋን ፈርቼ ነው። ድንገት እስከዛሬ ያቆየው የእናቱ ሽሮ ቢሆንስ? እኔ በፋሻ የሸፈንኩትን ማርያም አይታው፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት... ጎንደር ድረስ ሄጄ የተማርኩት ትምህርት ሁሉ አንድ ቀን ሙሉ ፋሻ ይዤ ቆሜ ቀረ።

ደግሞም እቀናባቸዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። እሳቸው ለይርጋ በየቀኑ የሚያደርጉለት ነገር አላቸው። ርቧቸው «አልበላም» ሲሉ ለሱ ነው። ቅቤ ሸቷቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ለሱ ነው። እኔ ምን አደረግሁለት? ጠበቅሁ። መጠበቅ ደግሞ ሥራ አይደለም፤ የተቀመጠ ሁሉ ይጠብቃል።

ጋሽ ሰይድ አመሻሹ ላይ የበቅሎውን ቁስል መድኃኒት ሊጠይቀኝ መጣ። ነገሩን ሳልፈልግ አወራሁት። አልሳቀብኝም። «እኛም ዘንድ ስለት ስለት ነው። ግን ሐኪም ጋ የምትሄጅው ላካል ነው፤ ለስለት የሚሄዱት ወደ ሌላ ነው» አለኝ።

ወደ ሌላ። የንስሐ አባታቸው ማለቱ ነው። እንዴት እስላሙ ሰውዬ ቀደመኝ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28

እማማ ወደቁ።

የወደቁት የምንጩ ዳገት ላይ ነው። ሰው መጥቶ ሲጠራኝ ሩጫዬን አላስታውሰውም፤ ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀርቷል። ስደርስ ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እንስራው ተሰብሯል። ከንፈራቸው ነጭ። የልብ ምታቸውን ልቆጥር እጃቸውን ያዝኩ፤ እየፈጠነ፣ አንዳንዴ እየዘለለ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ስቶኝ እንደገና ጀመርኩ። የሳተው ልባቸው ይሁን የኔ ጣት እንጃ።

የተናገሩት ስለ ራሳቸው አይደለም። «አንች፣ እኔ ስወድቅ እሱ ቆሞ ይሆን?» አሉኝ።

ሁለት ጎረቤቶች ደግፈውልን ቤት ገባን። ሽሮ ሠራሁላቸው፣ ሦስት ጉርሻ በሉ። ከየጎረቤቱ ቤት የቅቤ ሽታ ይመጣል። ዓርብ ነው፣ ኀምሳ ነው፣ አገሩ ሁሉ ይበላል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ይህች ሴትዮ ከሞተችብኝ ይርጋ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? «ስእለትህን ጠብቃ ሞተች» ልበለው? ይህን ሳስብ አለቀስኩ፤ ጓዳ ገብቼ፣ እንዳይሰሙኝ። የሚያስለቅሰኝ ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም። «ሲመጣ» ከማለቴ በፊት ምላሴ ላይ የመጣው ሌላ ቃል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቢመጣ» ልል ነበር።

ነገ የንስሐ አባታቸው አባ ወልዴ ጋ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 29

ከየት ልጀምር!

አባ ወልዴን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠበቅኋቸው። «ይፍቱኝ አባ።» «እግዚአብሔር ይፍታሽ።» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጫማውን፣ ቀዩን መርፌ፣ ጉበቱን። ፋሻውንም ነገርኳቸው። በፋሻው ላይ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ እንጂ አልተቆጡም። «አለመዋሸትሽ ጥሩ ነው» ብለው ተከትለውኝ መጡ።

እማማ ሊነሱ ሲሉ ከለከሏቸው። አባ ወልዴ ነገር አያበዙም። «ስንዱ፣ የታመመ ሰው ጾም አይጠየቅም። መድኃኒትም ምግብ አይዶለም። ፈትቸሻለሁ፤ ተወጊ፣ ወተትም ጠጭ።»

አለቀ ብዬ መቀቀያውን ልጥድ ተነሣሁ።

«እርስዎስ ፈቱኝ፣ አባ» አሉ እማማ። «እኔ ግን ቃል የገባሁት ለእርስዎ አይዶለም። ስለቴን ሜዳ ላይ ጥየው ልሂድ? እሱም እኮ ያለው ሜዳ ላይ ነው።»

እኔ እንደ ሞኝ መቀቀያ ታቅፌ ቆሜአለሁ። እንዲህ የምል እኔ አልነበርኩም፤ አፌ ቀድሞኝ ነው። ረቡዕ ያበላሸው ይኸው አፌ።

«እኔ ልያዘው» አልኩ።

«ምኑን?»

«ስእለቱን። እማማ ካቆሙበት እኔ ልቀጥል።»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም። «አንች? ወተት ሲሸትሽ ጆሮሽ የሚቆም? የእንቁላልሽን ቅርፊት በክሊኒኩ ጓሮ አይቸዋለሁ እኮ!» ሐፍረቴን የት ላግባው። ለካ አውቀው ዝም ብለውኛል።

ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ። «ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው። እርስዎን ብቻ ነው እንዴ የሚናፍቅዎት?»

ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር እሳቸው «ልጄ» እያሉ ሲያለቅሱ እኔ አጽናኝ ነበርኩ። ሚስቱ መሆኔን ረስተውት ሳይሆን አይቀርም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

እማማ ወደ አባ ወልዴ ዞሩ። እሳቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ። «ሸክም ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዛወር መሬት ነካ አይባልም» አሉ በመጨረሻ። ለኔ ደግሞ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንችም ብትታመሚ ሳትደብቂ ትመጭልኛለሽ። ለመሞት የሚሳል የለም።»

ቃሉን እማማ አስባሉኝ፣ እንደ ፊደል ተማሪ፣ እየተከተልኩ። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል...» እንቁላል ላይ ድምፄ ትንሽ ደከመ። «ይርጋን እስክታመጭልኝ ድረስ» ስል አቋረጡኝ። «በእግሩ! በእግሩ በይ። እሱን እንዳትረሽ።» በእግሩ አልኩ።

ከዚያ ክንዳቸውን ገለጡ። «በይ ውጊኝ።» ሳብኩት። «ቀይ ነው» አሉ። «ቀይ ነው» አልኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 30

እማማ ሁለተኛውን መርፌ ተወጉ። ዶክተሩ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ እያራራቅሽ ብሏል። ለሌላ ካርቶን ለጋሽ ሰይድ ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ።

ጎረቤት ወተት አመጣችላቸው፣ አሁን የታለበ፣ አረፋው ያልወረደ። (ለምን አረፋውን እጽፋለሁ? ራሴን ለማሠቃየት።) በሁለት እጃቸው ይዘውት ብዙ ቆዩ። ከዚያ አማተቡና ጠጡ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳያነሡ። ሲጨርሱ እንባቸው ወረደ። «ሌባ የሆንኩ መሰለኝ» አሉ። አይደሉም አልኳቸው። «ተረካቢው እኔ ነኝ፤ ካስፈለገ እኔን ይጠይቁኝ።» ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ነጭ በጣቴ ጠረግሁላቸው፤ ጣቴንም ቶሎ ታጠብኩት። የማይታመን ሰው እንዲህ ነው።

የራሴ የመጀመሪያ ሙሉ ቀን፦ ጠዋት ሽሮ። ምሳ ምስር። ክሊኒኩ መሳቢያ ውስጥ ሁለት እንቁላል ነበረኝ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠኋት። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ባሌ ናፍቆኝ ነው አልኳት። አልገባትም፤ ግን እንቁላሉን ተቀበለች።

አንድ ነገር ታዘብኩ። ርቦኝ ሳይሆን አምሮኝ ሳለ «አይ፣ ለሱ ነው» ስል፣ ይርጋ ክፍሉ ውስጥ ያለ ያህል ሆነ። መልኩ እየጠፋብኝ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ምሳ ላይ አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ትዝ አለችኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ሰፈሩ ደጅ ወጥቷል፣ ንፍሮው ከዛፉ ሥር እየፈላ ነው። እማማ በዱላ እየተደገፉ፣ እኔ በሌላው ጎን ይዣቸው ወጣን። ሁለት እግር ጫማ። ቆጠርኩ።

ጠዋት ከመርፌው በፊት እግራቸውን ሳጥብ «ውሃው ይቀዘቅዛል» አሉኝ። እጄ ቆመ። «የቱ ላይ?» «ቀኙ ላይ።» ግራውን ነካሁት፤ ምንም። ዶክተሩ የነርቩ ነገር ወራት ይፈጃል፣ ሁሉም ላይመለስም ይችላል ብሏል፤ ምናልባት እማማ ደስ ሊያሰኙኝ ብለውም ይሆናል። ምላሳቸው ግን መንገብገቡን ቀንሷል፣ ንፍሮውን በሚጥሚጣ በሉ። ልባቸውንም ቆጠርኩ፤ ዛሬም ይፈጥናል፣ ግን አንዴም አልዘለለብኝም። ሆሞሲስቴይኑን የሚለካ የለም፤ ናፍቆቱንም እንዲሁ።

አንዷ ጎረቤት ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዛ ዞረች። እኔ ጋ ስትደርስ እጄ ሳላዘው ተነሣ። እማማ ቀደሙኝ። «እሷን ተያት። ልጄ ስለት አለባት» አሉ። «የልጄ ሚስት» አላሉም። ልጄ አሉ።

ይርጋ፣ የደብተርህን ባዶ ገጽ ነካሁብህ፤ ስትመጣ ትቆጣኛለህ። ያለህበትን አላውቅም። መኖርህንም አላውቅም፤ ዛሬ በቀን፣ ሰው መሃል ተቀምጬ ይህን ለመጻፍ አልፈራሁም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዶክተሩ እንደጻፈው ጉበቴ ውስጥ የዓመታት ስንቅ አለ፤ ያ ሁሉ በር ዘግቼ የበላሁት እንቁላል ለካ ላንተ ሳስቀምጥ ኖሯል። ከትናንት በስቲያ ጀምሬ ከሱ እየበላሁ ነው። ሳያልቅ ና። በእግርህ።